ሽንኩርት ከታፊዋ ብርሃነሽና የውርወራ ተራ

ለሰፊው የአሶሳ አውራጃ ሕዝብ፣ ከባምባሲ እስከ ጠረፍ ለምትገኙ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና ሠፋሪዎች በሙሉ፦

ታሪክ ባስገደደው መሠረት፣ ጓድ ብርሃነሽ ይመር፣ የኅብረት ሥራ ማሠልጠኛው ወጥ ቤት ምክትል ሽንኩርት ከታፊ፣ ከጥር ወር 1979 ዓ.ም. ጀምሮ የ«ወደፊት» ቅርጫት ኳስ ቡድን ብቸኛ፣ ሕጋዊና ተተኪ የሌላት ደጋፊ መሆኗ ታውጇል። ይህን አዋጅ የሚቃወም ማናቸውም ኃይል ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ከነቢላዋዋ ያነጋግራት።

እውነቱን ለመናገር አዋጁን ያወጀ የለም። ለአንድ የውኃ በርሜል ሪባን በሚቆረጥበት፣ ለአሥር ኩንታል ማሽላ የድል ሰልፍ በሚወጣበት ዘመን፣ ለብርሃነሽ ግማሽ መስመር የጻፈላት አልነበረም። ምክትል ሽንኩርት ከታፊ ስትባልም ዋና ሽንኩርት ከታፊ የሚባል ሰው ኖሮ አይደለም። ሽንኩርቱ ራሱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚመጣው። የቀረውን ቀን ምክትልነቷን የምትወጣው ባቄላ በመልቀም ነበር።

ብርሃነሽ የየጁ ሰው ናት። በሰባ ሰባት ባሏን ወልድያ መጠለያ ቀበረች። በሳምንቱ እሷን በአንድ አውቶብስ፣ ታናሽ እህቷን ጸሐይን በሌላ አውቶብስ ጫኗቸው። ጸሐይ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ የፊተኛው አውቶብስ ሞልቶ ነበርና። የሚጭነው ጓድ ስታለቅስ አይቷት «ምን ያስለቅስሻል? ሁለታችሁም ወለጋ ናችሁ፤ ትገናኛላችሁ» አላት። አልዋሸም፤ ሁለቱም ወለጋ ገቡ። ብርሃነሽ አሶሳ፣ ጸሐይ አንገር ጉትን። በመካከል ያለውን መንገድ ግን ያለ ይለፍ ወረቀት የሚሄድ ሠፋሪ ኮብላይ ይባላል፤ ኮብላይ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል።

ሦስት ማመልከቻ አስጽፋ ሦስት መልስ አገኘች። የመጀመሪያው «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ወቅቱ የምርት ወቅት ስለሆነ» ይላል። ሦስተኛው የመጀመሪያውን ማመልከቻ እንደገና እንድታቀርብ ያዛል። አራተኛውን ማመልከቻ መሠረተ ትምህርት ጨርሳ፣ ምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ በገዛ እጇ ጻፈችው። መልስ የለም።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ወደ ቅርጫት ኳስ የገባችው በስፖርት ፍቅር ተቃጥላ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። የአውራጃው አሸናፊ ለሜይ ዴይ ውድድር ነቀምቴ ይሄዳል። ቡድኑ ስንቁን ይዞ፣ አንድ ወጥ ሠሪ ጨምሮ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የይለፍ ወረቀት ተጽፎ በአይፋ መኪና ይሳፈራል። ነቀምቴ ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ይቆያል፤ የተሸነፈ በማግሥቱ ጠዋት በመጣበት መኪና ይመለሳል። ከአንገር ጉትን እስከ ነቀምቴ ደግሞ በእግር ቀን ተኩል ነው። ይህን ሁሉ ብርሃነሽ ከኃላፊው ቢሮ ጠረጴዛ ጠራጊ ሰምታ፣ ድስቱ ላይ ቆማ አሰላችው። ከዚያ ቀን ወዲህ የ«ወደፊት» ቡድን ማሸነፍ አለበት፤ በቃ።

ችግሩ «ወደፊት» አለማሸነፉ ነበር።

ሜዳው በወጥ ቤቱና በሽንት ቤቱ መካከል ነው። ሰሌዳው የሳጥን ጣውላ፣ ቀለበቱ ከበርሜል አፍ ተቆርጦ የተበየደ ብረት፣ ቋሚው ሽመል በሽመል ላይ ታስሮ የቆመ። ነፋስ ሲመጣ ቅርጫቱ ራሱ ያመልጣል። ይህ ግን ምክንያት አይሆንም፤ የመንገድ ሥራ ካምፑ ቡድን በዚሁ ሜዳ ላይ፣ በዚሁ ነፋስ፣ ሰባት ጊዜ መጥቶ ሰባት ጊዜ ረትቶ ሄዷል።

አሠልጣኙ ጓድ ነገሪ ነው፤ የማሠልጠኛው የፖለቲካ ኢኮኖሚ መምህር። አሠልጣኝ የተባለው ፊሽካ ስላለው ነው። ቅርጫት ኳስን ያወቀው በሰባት ቀን ሴሚናር ሲሆን፣ ከሰባቱ ቀን አምስቱ ስለ ስፖርት መደባዊ ባሕርይ ነበር፤ አንዱ መክፈቻ፣ አንዱ መዝጊያ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ቀጭን፣ ትጉህ፣ ካኪ ሱሪውን ራሱ የሚተኩስ ሰው ነው። ቀደም ሲል ባስተማረበት ትምህርት ቤት አንድን ተማሪ በሰልፍ ላይ ነጥሎ አመስግኖ «የግለሰብ አምልኮ አስፋፋህ» ተብሎ ሁለት ወር ደመወዙ ታግዶበታል። ከዚያ ወዲህ ማንንም ነጥሎ ማመስገን ቀርቶ ነጥሎ ሰላም አይልም።

ስለዚህ የውርወራ ተራን ፈለሰፈ።

የውርወራ ተራ ማለት ይህ ነው፦ በሠፈራ መንደሮቹ ውኃ መቅዳት በተራ፣ እንጨት መልቀም በተራ፣ ጥበቃ በተራ ነው። ታዲያ ኳስ መወርወርስ ለምን ባላባት ይኑረው? አምስቱም ተጫዋቾች በወረቀት ላይ ከአንድ እስከ አምስት ይጻፋሉ። አንደኛው ሳይወረውር ሁለተኛው አይወረውርም። አምስተኛው ሲጨርስ እንደገና አንደኛው። ተራው ለእያንዳንዱ ጨዋታ አዲስ ይወጣል፤ ነገሪ በማስመሪያ አስምሮ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ጽፎ፣ የማሠልጠኛውን ማኅተም አስደርጎ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፈዋል። ማናቸውም የሥራ ተራ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን መመሪያ አለና። አንዱን ቅጂ ደግሞ ኪሱ ያደርጋል።

ሰባተኛው ሽንፈት እንዲህ ነበር። ጁምዓ ኳሷን እያነጠረ ቅርጫቱ ሥር ደረሰ። ጁምዓ የዚያው የአሶሳ አካባቢ የበርታ ልጅ ነው፤ ሽመል ሲቆርጥ ያደገ፣ ክንዱ ረጅም፣ በልምምድ ላይ ከአሥር ስምንቱን የሚያስገባ። ፊቱ ማንም የለም። ቀለበቱና እሱ ብቻ።

«ተራ ቁጥር ሦስት!» ብሎ ጮኸ ነገሪ።

ተራ ቁጥር ሦስት ቡሴ ነበር። ቡሴ መሃል ሜዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

«ወርውራት!» አለች ብርሃነሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ከወጥ ቤቱ በር ወጥታ። «በሞቴ ወርውራት! ቀለበቷ እኮ አፏን ከፍታ እየጠበቀችህ ነው!»

ጁምዓ ቀለበቱን አየ፤ አሠልጣኙን አየ፤ በመጨረሻም ኳሷን ሜዳውን ሙሉ አሻግሮ ለቡሴ ላካት። ኳሷ ገና ሳትደርስ ሁለት የመንገድ ሥራ ሰዎች በቡሴ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ እንደ ተቀጠሩ ሆነው። ቡሴ ዓይኑን ጨፍኖ ወረወረ። ኳሷ ሰሌዳውንም ቀለበቱንም ሳትነካ ሄዳ የሽንት ቤቱን ቆርቆሮ አንኳኳች። ከውስጥ አንድ ሰው «ተይዟል!» አለ።

«ወላሂ ይሄ ኳስ ቅርጫት አይወድም» አለ ማህጁብ። ማህጁብ በማሠልጠኛው በር ላይ ጨው፣ ባትሪና ሻይ የሚሸጥ የበርታ ነጋዴ ነው። ለጨዋታ ቀን ሱቁን ዘግቶ ከብርሃነሽ ጎን ይቆማል። «ብርሃነሽ፣ አንተ አትጩህ። ጉሮሮ ያምሃል።»

«አያ ማህጁብ፣ እኔ ሴት ነኝ።»

«አውቃለሁ ሴት ነህ። ግን አትጩህ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እነዚህ ሰዎች ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ቀድመው የሚያውቁት ጠንቋይ አላቸው?»

ማህጁብ ሳቀ። «ጠንቋይ የለም። ዲማ አለ። የግሬደር ነጂው፣ የነሱ አለቃ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ በሩ ላይ ያለው ወረቀት በሲጋራ ካርቶን ይጽፋል፣ ይሄዳል። ሁለት ሻይ ይጠጣል። ጥሩ ሰው ነው።»

ብርሃነሽ ማማሰያዋን መሬት ላይ ተከለች። ሰባት ሽንፈት ሙሉ ስትሳደብ የኖረችው የቡሴን ክንድ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሒስና የግለሒስ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። በጊዜው ምክትል ሽንኩርት ከታፊ አልነበረችም፤ ዋና ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ማዕረጓን ልብ በሉልኝ። ሰብሳቢው የማሠልጠኛው ኃላፊ ጓድ ፈየራ ነው።

«አንድ ሒስ አለኝ» አለች ተነሥታ። «ጓድ ነገሪ ኳሷን በተራ ያስወረውራሉ። መልካም። ተራውን ጽፈው በር ላይ ይለጥፋሉ። የመንገድ ሥራ ሰዎች አንብበው ይመጣሉ። እኔ የቤቴን ቁልፍ የት እንደደበቅሁ በሬ ላይ ጽፌ አላውቅም። ጁምዓ ቅርጫት ሥር ደርሶ ኳስ የሚመልስበትም ምክንያት አይገባኝም። እኔ የማሽላ ወፍ በወንጭፍ ስጠብቅ ያደግሁ ነኝ፤ ወፏ ማሳው ላይ ስታርፍ ተራዬ አይደለም ብዬ አላውቅም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

ነገሪ ማስታወሻውን ገለጠ። «ጓድ ብርሃነሽ ያቀረበችው ሐሳብ ከየት እንደሚመነጭ ግልጽ ነው። ጎበዙ ብቻ ይወርውር፣ ሰነፉ ይመልከት የሚል ነው። ይህ በቡድናችን ውስጥ የውርወራ ባላባት መሾም ነው! ቡሴ ዛሬ ሳተ። ነገም ይስታል። ነገር ግን በእኩልነት ይስታል!»

ጭብጨባ ሆነ። ጭብጨባው የሚመጣበት ቦታ ስለነበረ ሆነ። ቡሴ ራሱ አጨበጨበ።

ውሳኔው ሦስት ነጥብ ነበረው። አንድ፣ የውርወራ ተራው ከእንግዲህ በጉልህ ፊደል ይጻፍ፤ ራቅ ብለው ለሚያነቡም ይታይ። ሁለት፣ ጓድ ብርሃነሽ ከወጥ ወደ ሽንኩርት ትዛወር። ሦስት፣ ግለሒስ ታድርግ።

«ስህተቴ ዓይን ስላለኝ ነው» አለች ብርሃነሽ። «ዓይኔን አርማለሁ።»

ይህም ተጨበጨበለት፤ በቃለ ጉባኤም ገባ።

አሁን ሰባት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን የአውራጃ ፍጻሜ እንዴት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። ሲሆን በዓይናችን አየን። ከካማሺ ይመጣል የተባለው ቡድን መኪናው መንገድ ላይ ሁለት ጎማ ፈንድቶበት ተመለሰ። የባምባሲው ቡድን የነበረችው አንድ ኳስ ናት፤ እሷም እሾህ ወጋት። የቀሩት ሁለት ቡድኖች «ወደፊት»ና የመንገድ ሥራ ካምፑ ሆኑ። ፍጻሜው ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቆረጠ። «ወደፊት» በአውራጃው ሁለተኛ ነው ተብሎ በሬዲዮ ሊነገር የቀረው ትንሽ ነበር፤ ከሁለት ሁለተኛ።

ብርሃነሽ በዚያ ሳምንት ቁጭ ማለት አቃታት። በእሷ ቦታ የገባችው ዋና ወጥ ሠሪ በወባ ተኝታለችና፣ ቡድኑ ካሸነፈ ስንቁን ይዛ የምትሄደው እሷ ናት። ባቄላ ትለቅማለች፣ ትነሣለች፣ በመስኮቱ ሜዳውን ታያለች፣ ትቀመጣለች። በልምምድ ሰዓት ጁምዓን በወጥ ቤቱ ጓሮ ጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ ስትወረውር ክንድህን ታያለህ። አትይ። ትከሻህን ልቀቀው። ከቅርብ ከከበቡህ ከሩቅ ወርውር፤ ወደ ላይ ስደዳት፣ ከላይ ትወርዳለች። ወንጭፍ እንዲያ ነው።»

«እትዬ ብርሃነሽ፣ እኔ ተራ በአምስት አንድ ነው። አራት ሰው ይወረውራል፣ ይስታል፣ ከዚያ እኔ። ያን ጊዜ ጨዋታ ያልቃል።»

«አንተ ትከሻህን ልቀቅ። የቀረውን ለኔ ተወው» አለች። ምን እንደምታደርግ ገና አላወቀችም ነበር።

ያወቀችው ዓርብ ማታ ጉልሁን ወረቀት ስታይ ነው። አምስት ስም፣ አምስት ቁጥር፣ ማኅተም። ዲማ የሚያምነው ይህን ወረቀት ነው። እንግዲያውስ ወረቀቱ ሁሉም ተራ የጁምዓ ነው ቢል፣ ዲማና አራቱ ጓዶቹ ጁምዓ ላይ ይከመራሉ፤ ሌሎቹ አራቱ ባዶ ሜዳ ያገኛሉ። ነገሪ የሚጠራው ከኪሱ ቅጂ ስለሆነ የራሷ ቡድን አይሳሳትም። በባዶ ሜዳ፣ በቅርጫት ሥር፣ ማንም ሳይነካው የሚስት ሰው አለ? የለም ብላ ደመደመች። እዚህ ላይ ስህተቷን እኔ አላርምላትም፤ ሜዳው ያርማታል።

ቅዳሜ ማለዳ የአመድ ባልዲ ይዛ፣ ምላጭ በጣቶቿ መካከል ደብቃ ወደ በሩ ወጣች። በምላጭ ቀለም መፋቅ ቀላል አይደለም፤ ወረቀቱ ይሳሳል። አራቱን ስሞች እንደ ድንች ልጣጭ ስስ አድርጋ ፋቀቻቸው። ከዚያ ከምስክር ወረቀቷ ጋር የተሸለመችውን እስክሪብቶ አውጥታ በአራቱም ቦታ «ጁምዓ» ብላ ጻፈች። መንግሥት ማንበብና መጻፍ ሲያስተምራት ለዚህ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

«ያ ኡኽቲ! እህቴ!» አለ ማህጁብ ከሱቁ ደጃፍ። «ምን ትሠራለህ?»

«ማስታወቂያ እያነበብኩ።»

«በምላጭ?»

«ዓይኔ ደከም ብሏል፣ አያ ማህጁብ።»

ማህጁብ በርጩማውን አነሣና ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። «እኔ ዛሬ ወደ ገበያ አያለሁ» አለ። «ገበያ ጥሩ ነው።»

ዲማ በሰዓቱ መጣ። ሻዩን ጠጣ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አየ፣ ሲጋራ ካርቶኑን አወጣና ከአንድ ቃል በላይ ሳይጽፍ እየሳቀ ሄደ። ሁለተኛውን ሻይ እንኳ አልጠጣም።

ጨዋታው ሲጀመር አምስቱም የመንገድ ሥራ ሰዎች ጁምዓን ከበቡት። ከበቡት ማለት ታጠረ ማለት ነው፤ በመካከላቸው ራሱ ብቻ ይታያል። ጁምዓ ውኃ ሊጠጣ ወደ ዳር ሲወጣ አምስቱም ተከትለውት ወጡ። ሜዳው ለአራቱ ቀረ።

«ተራ ቁጥር አንድ!» ሻዕባን ወረወረ። ሳተ። በዙሪያው ሰው የለም፤ ኳሷን ራሱ ለቅሞ ለተራ ቁጥር ሁለት ሰጠ። ሁለተኛውም ሳተ። ቡሴ ቀለበቱ ሥር ገብቶ፣ እጁን ዘርግቶ ሊነካው ሲቃረብ፣ ኳሷን ከሥር ወደ ላይ ወርውሮ የገዛ አፍንጫውን መታ።

«ብቻህን እኮ ነህ!» ብርሃነሽ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውልቃ መሬት መታችበት። «ቡሴ! ማንም የለም! ብቻህን! እናትህ ሙሽራ ስትጠብቅ እንዲህ ብቻዋን አልተቀመጠችም! ኧረ በአላህ፣ ኧረ በማርያም፣ ከሁለት አንዳቸው ይስሙኝ! ተጠጋ፣ አንጠልጥላት፣ በእጅህ ክተታት! እንደ ሽሮ ክተታት!»

«ውርወራው በእኩልነት እየተካሄደ ነው» አለ ነገሪ በእርካታ።

ዐሥራ ሰባት የሳተ ውርወራ ተቆጠረ፤ ጁምዓ በተራው ከሰው አጥሩ መሃል የወረወረው ሳይቀር። ሁለት ገባ፤ አንደኛው በስህተት ነው። የመንገድ ሥራ ሰዎቹ ጁምዓን ሲጠብቁ ብዙ ለማግባት ጊዜ አላገኙም። በእረፍት ሰዓት ውጤቱ አሥር ለአራት ሆነ፤ አሥሩ የዲማ።

ብርሃነሽ እዚያው በአመድ ክምሩ አጠገብ ተቀመጠች። በሕይወቷ የሠራችው ብልጠት ያ ብቻ ነበር። ብልጠቱ ደግሞ ተሳክቷል፤ ማንም አላወቀም፣ ዲማ ተታሏል፣ ሜዳው ተከፍቷል። ሁሉም ነገር ገብቶ ኳሷ ብቻ ናት ያልገባችው።

ያዳናት ጠላቷ ነው። ዲማ እየመራ ሳለ መታለሉ አንገብግቦት ካርቶኑን እያወዛወዘ ወደ ዳኛውና ወደ ጓድ ፈየራ መጣ።

«ተቃውሞ አለኝ! በተለጠፈው መሠረት እየተጫወቱ አይደለም! በማኅተም የወጣ ወረቀት አንድ ይላል፣ ሜዳ ላይ ሌላ ይሠራል። ይህ ሕዝብን ማታለል ነው!»

ወረቀቱ ከሰሌዳው ተነቅሎ መጣ። ነገሪ አየው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የኪሱን ቅጂ አወጣ፤ አስተያየ፤ መልሶ ከተተ። የኪሱ ማኅተም የለውም። የበሩ አለው። ሰውየው ዓይኑ ማኅተሙ ላይ ተተክሎ ቀረ። የራሱ እጅ ይሳሳት ይሆናል፤ ማኅተም ግን ሲሳሳት አላየም።

«ይህ ማኅተም የማን ነው?» አለ ጓድ ፈየራ።

«የእኛ ነው፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ለምን በተግባር አልዋለም?»

ነገሪ ፊሽካውን ዋጠው ለማለት ይቻላል። «ከእረፍት በኋላ ይውላል» አለ።

ሁለተኛው አጋማሽ የጁምዓ ነበር። «ተራ ቁጥር አንድ፣ ጁምዓ! ተራ ቁጥር ሁለት፣ ጁምዓ!» ነገሪ ማኅተም ካለበት ወረቀት እያነበበ ይጠራል። ዲማ ወረቀቱ እውነት ሆኖለት ደስ ብሎት ሰዎቹን እንደገና ጁምዓ ላይ ሊያከማች ሞከረ፤ ግን ጁምዓ ከእንግዲህ የሚጠብቀው ተራ የለምና የመሃሉን መስመር ሲያልፍ፣ አምስቱ ሳይሰበሰቡ፣ ትከሻውን ለቅቆ ወደ ላይ ይሰዳታል። ኳሷ ሰማይ ላይ ታስባለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ በበርሜሉ ቀለበት ውስጥ ትወርዳለች። ቡሴ ኳስ ማቀበል ብቻ ሲቀርለት ጎበዝ አቀባይ ሆኖ ተገኘ። በማብቂያው ፊሽካ «ወደፊት» ሃያ አራት ለሃያ ሁለት አሸንፎ ነበር።

ብርሃነሽ ጓሮ ዞራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆየች። ከዚያ ለጸሐይ በገበያ ሰው መልእክት ላከች፦ ነቀምቴ እመጣለሁ፤ እንደምንም ብለሽ በውድድሩ ሦስተኛ ቀን ገበያው ዳር ቁሚልኝ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ድል ከተገኘ ስብሰባ አይቀርም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ጓድ ፈየራ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ አሥራ አራት የይለፍ ወረቀት ተደርድሮ መዳፉን ጭኖበታል። የስም ዝርዝሩ ተነበበ። ዋና ወጥ ሠሪዋ ገና ከወባዋ አልተነሣችምና አሥራ አራተኛው «ብርሃነሽ ይመር፣ ወጥ ቤት» ነው። ወረቀቱ የሚታደለው በስብሰባው መጨረሻ ነው።

ነገሪ ሦስት ገጽ ሪፖርት አነበበ። «በውርወራ ተራው ላይ የተደረገው ማሻሻያ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በእኔ በኩል ተጨባጩ ሁኔታ ተጠንቶ የተደረገ ነው።»

ብርሃነሽ ነጠላዋን ነከሰች። ይሁን። ይውሰደው። ክብሩንም፣ ምላጩንም ይውሰደው፤ ሥራውን የኔ ነው ካለ ማንም እጇን አይመረምርም።

«ነገር ግን» አለ ነገሪ ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ፣ «ማሻሻያው ጊዜያዊ ነበር። ነቀምቴ ላይ የክፍለ ሀገሩ እንግዶች ይመለከቱናል። አንድ ሰው ብቻ ሲወረውር ቢያዩ ምን ይሉናል? ስለዚህ ወደ መደበኛው የውርወራ ተራ እንመለሳለን። ጓድ ጁምዓ ላደረገው አስተዋጽኦ በመክፈቻው ሰልፍ መፈክር ይይዛል፤ በጨዋታውም ከተቀያሪዎች ጋር ተቀምጦ ያርፋል። በእሱ ቦታ ጓድ ቡሴ ሁለት ተራ ያገኛል።»

ጭብጨባ ሆነ። ጁምዓ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። ቡሴ ግን በዚህኛው አላጨበጨበም።

ብርሃነሽ ስሌቷን ለመቶኛ ጊዜ አሰላች። ዝም ካለች ወረቀቷን ትቀበላለች፤ ነቀምቴ ትገባለች፤ ቡድኑ በመጀመሪያው ቀን ይሸነፋል፤ በማግሥቱ ጠዋት አይፋው ላይ ትወጣለች፤ ጸሐይ ያን ጊዜ ገና ወንዝ እየተሻገረች ነው። ከተናገረች፣ በምላጭ የፋቀችው እሷ እንደሆነች መናገር አለባት፤ ያለዚያ «ማሻሻያው የአሠልጣኙ ነው፣ አሠልጣኙ ያንሳው» ይባላል። እሷ ናት ከተባለ የነገሪ ሪፖርት ይፈርስና ጁምዓ ይጫወት ይሆናል፤ ቡድኑም ሳምንቱን ይቆይ ይሆናል፤ ሽንኩርቱን የሚከትፍለት ግን ሌላ ሰው ነው፤ ጸሐይም ገበያ ዳር ቆማ የማታውቃቸውን ሰዎች ታያለች።

«ጥያቄ፣ አስተያየት፣ ተቃውሞ ያለው?» አለ ጓድ ፈየራ። ወረቀቶቹን ማስተካከል ጀምሯል።

የብርሃነሽ እጅ ከነጠላዋ ሥር ወጣ። ጆሮዋ ጋ ደረሰና እዚያ ቆመ።

«ጓድ ብርሃነሽ፣ እጅሽ ነው ወይስ ዝንብ እያባረርሽ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እጇ አልወረደም፤ ከፍም አላለም። ማህጁብ በመስኮቱ በኩል ከውጭ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር፤ ተናገር ይሁን ተው ይሁን የሚለው አይሰማም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በዚያ ዓይነት አዳራሽ ተቀምጠሃል፤ አትካደኝ። እጅህን ከቂጥህ ሥር አድርገህ፣ ሌላው ይናገርልኝ እያልክ፣ ሰብሳቢው አጨብጭቡ ሲል ብቻ እያወጣኸው። ስለዚህ ለብርሃነሽ ምክር አትምከርላት፤ አትዘንላት። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፦ የይለፍ ወረቀት የማትፈልግ አንተ፣ ነቀምቴ ገበያ ዳር ማንም የማይጠብቅህ አንተ፣ ከሷ ቀድመህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስቲ ያንን እጅህን…